«ኦቴሎ ቀናተኛ ነው» ብለሽ ከጨረስሽ ወዲያ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በድራማ ኮርሳችን የሼክስፒርን ‹ኦቴሎ› እየተማርን ነው። ‹የገጸ ባሕርያቱን ማንነትና የተውኔቱን ጭብጥ ተንትኑ› የሚል አሳይመንት ተሰጥቶን ሰባት ገጽ ጻፍኩ። ኦቴሎ ጀግና ግን ቀናተኛ፣ ኢያጎ ክፉና ተንኮለኛ፣ ዴዝዴሞና ንጹሕና የዋህ መሆናቸውን፣ ጭብጡም ቅናት የሚያመጣው ጥፋት መሆኑን አስረዳሁ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ‹ተውኔቱ የት አለ?› ብሎ ብቻ መለሰልኝ። ደግሜ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አልገባኝም። የድሮው እንግሊዝኛም በጣም ይከብደኛል። በዚያ ላይ የክፍላችን ወንዶች ‹ጥፋቱ የዴዝዴሞና ነው፤ አባቷን ያታለለች ባሏን ለምን አታታልልም?› ሲሉኝ ተናድጄ መልስ አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

ልጄ፣ የመምህርሽን ጥያቄ እንደ ቁጣ አትውሰጂው። ተስፋ የቆረጠብሽ ቢሆን ኖሮ ማርክ ሰጥቶ በገላገለሽ ነበር። ሰባቱን ገጽ አላየሁም፤ ከደብዳቤሽ ተነስቼ ስናገር ግን ያልሽው ሐሰት የለበትም። ችግሩ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰውም ሊጽፈው መቻሉ ነው። እስኪ ከጽሑፍሽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አንሺና «ኦቴሎ» የሚለውን ስም አውጥተሽ በሰፈራችሁ በቅናቱ የታወቀ የአንድ ባል ስም አስገቢበት። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ሳይጎረብጠው ከቆመ፣ ስለ ኦቴሎ ገና አንድ ቃል አልጻፍሽም። ቅናትማ በየቤቱ አለ።

ለገጸ ባሕርይ ቅጽል መለጠፍ ከታች ክፍል ጀምሮ የተማርነው ነገር ነው፤ «ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ይባላል፣ «ደግ»፣ «ክፉ»፣ «ብልጥ» ይመለሳል፣ እርማት ይገባል። በተውኔት ላይ ግን ይሄ ብዙም አያራምድም፤ ሰውየው ሲገባና ሲወጣ አንድ ዓይነት አይደለማ። ይልቅ ከሌላው ሰው አፍ ምን ተባለ፣ ራሱ በሰው ፊት ምን አለ፣ ብቻውን ሲቀር ምን አለ፣ አነጋገሩ የቱ ጋ ተለወጠ የሚለውን ተከተዪ። የሚከተለው ሁሉ ይህንኑ በኦቴሎ ላይ መሞከር ነው።

ተውኔቱን ለማያውቁ አንባቢዎቼ ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ኦቴሎ የቬኒስን መንግሥት የሚያገለግል ጥቁር የጦር አዛዥ ነው። የአንድ ሴናተር ልጅ የሆነችውን ዴዝዴሞናን በስውር ያገባል። ቱርኮች ቆጵሮስን ሊይዙ ነው ተብሎ ወዲያው ወደዚያ ሲላክ ሚስቱም ትከተለዋለች። የምክትልነቱ ሹመት ለካሲዮ በመሰጠቱ ቂም የያዘው ባንዲራ ያዡ ኢያጎ፣ ሚስትህ ከካሲዮ ጋር ትማግጣለች ብሎ ያሳምነዋል። ኦቴሎ ሚስቱን ገድሎ፣ እውነቱ ሲወጣ ራሱን ይገድላል። በንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ፊት በ1604 እንደታየ ተመዝግቧል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መድረኩ ሲከፈት ሌሊት ነው። ኢያጎና ዴዝዴሞናን ሲመኝ የኖረው ሮድሪጎ የልጅቱን አባት ብራባንሾን ከመስኮቱ ሥር ሆነው እየጮሁ ይቀሰቅሱታል። የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስሙን ግን አንዴም አይጠሩትም። «ሙሩ» ይሉታል (ሙር በዚያ ዘመን አውሮፓውያን የሰሜን አፍሪካንም ጥቁሩንም ሰው የሚጠሩበት ስም ነው)፤ «ከንፈረ ወፍራሙ» ይሉታል፤ ያረጀ ጥቁር አውራ በግ ነጭ በግህ ላይ ወጥቷል ብለው ለአባትየው ይነግሩታል። ቀጥሎ ባለው ትዕይንት ሰውየው ራሱ ቢገባም ስሙን የሚጠራው የለም። «ኦቴሎ» የሚለው ስም ከአንድ ተናጋሪ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው በ1ኛው ገቢር 3ኛ ትዕይንት፣ የቬኒሱ መስፍን ለጦርነቱ ሲፈልገው ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን ፈልጎ በስሙ ጠራው? ይህን ብቻ ይዘሽ አንድ ጥሩ አንቀጽ ይወጣሻል።

ከስድቡ በኋላ የሚገባው ሰው ደግሞ ስድቡን አይመስልም። ብራባንሾ የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ ሊይዘው ሲመጣ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም፤ የሚያብረቀርቅ ሰይፋችሁን ወደ አፎቱ መልሱት፣ ጤዛው ያዝገዋል ይላቸዋል። እንደዚያ ያለ ሰው እጁን ለማንሳት አይቸኩልም። በሸንጎው ፊት ልጄን በመድኃኒትና በአስማት ነው የወሰዳት ተብሎ ሲከሰስም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እሷን አስጠሯትና በአባቷ ፊት ስለ እኔ ትናገር። እዚህ ጋ በእርሳስ አስምሪ፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ይሄ ሰው ቀናተኛ ነው? እስካሁን ባየነው አይደለም። ስለዚህ «ኦቴሎ ቀናተኛ ነው» የሚለው የጽሑፍሽ መነሻ ሊሆን አይችልም፤ እንዴት እዚያ ደረሰ የሚለው ነው ሥራሽ።

ለዚህ የ3ኛውን ገቢር 3ኛ ትዕይንት ሌላውን ሁሉ አስቀምጠሽ ደጋግመሽ አንብቢ። ሲጀመር ኦቴሎ ሚስቱን እምቢ ማለት የማይችል ባል ነው፤ ሲያልቅ ተንበርክኮ ደም ሊያፈስ ይምላል፤ ኢያጎም የተመኘውን የምክትልነት ሹመት እዚያው ተንበርክኮ ይቀበላል። በመካከሉ የሚደረገው ነገር ከምታስቢው በላይ ትንሽ ነው። ካሲዮ ከዴዝዴሞና ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ኦቴሎን ሲያይ አፍሮ ይወጣል። ኢያጎ ለራሱ እንደሚያጉረመርም ሆኖ «ይሄ ደስ አላለኝም» ይላል።

«ምን አልክ?»

«ምንም፣ ጌታዬ፤ ወይም... እኔ እንጃ።»

ትንሽ ቆይቶ ይጠይቃል፦ ካሲዮ እመቤቴን በሚያጩበት ጊዜ ስለ ፍቅራችሁ ያውቅ ነበር? እንዴታ፣ በመካከላችን ይመላለስ የነበረው እሱ ነው ይለዋል ኦቴሎ። «ነው እንዴ!» ይላል ኢያጎ። ምነው፣ ሰውየው ታማኝ አይደለም? «ታማኝ፣ ጌታዬ?» ምን እያሰብክ ነው? «እያሰብኩ፣ ጌታዬ?» ኦቴሎ ይብሰዋል፤ እንደ ገደል ማሚቶ ቃሌን ይመልስብኛል፣ ለማሳየት የሚያስፈራ ጭራቅ በሐሳቡ የደበቀ ይመስል ይላል።

እስከዚህ ድረስ ኢያጎ የሰነዘረው ክስ የለም። የሚጠይቀው፣ ክፉ ሐሳብህን በክፉ ቃል ንገረኝ ብሎ የሚለምነው ኦቴሎ ነው። ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ «ሚስትህን እንዲህ አየኋት» ብሎ ከሚመጣው ይልቅ፣ «ተወው፣ ባልናገር ይሻላል» ብሎ ቡናውን ፉት የሚለው ነው እንቅልፍ የሚነሳው። «ኢያጎ ተንኮለኛ ነው» ብለሽ ያለፍሽው ቦታ ላይ ተንኮሉ በየትኛው መስመር እንዴት እንደሠራ ብታሳዪ፣ መምህርሽ ተውኔቱን ያገኘዋል።

መሬቱ ከለሰለሰ በኋላ ነው ኢያጎ ዘሩን የሚጥለው። የአገራችንን ሴቶች ጠባይ እኔ አውቀዋለሁ፣ ለባሎቻቸው የማያሳዩትን ለእግዜር ያሳያሉ ይለዋል። የአገራችን ሲል አንተ እንግዳ ነህ፣ የቬኒስን ነገር አታውቅም ማለቱ ነው። ቀጥሎ፦ አንተን ስታገባ አባቷን አታላለች። ከዚያም፦ በአገር፣ በመልክና በማዕረግ የሚመስሏትን እምቢ ማለቷ በራሱ ደህና ነገር ነው?

ኦቴሎ ብቻውን ሲቀር የሚናገረውን ከዚህ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪ። ምናልባት ጥቁር ስለሆንኩ ይሆናል ይላል። ምናልባት የቤተ መንግሥት ሰዎች የሚያውቁትን ለስላሳ ወሬ ስለማላውቅ። ወይም ዕድሜዬ ማቆልቆል ስለጀመረ፤ «ቢሆንም ያን ያህል አይደለም» ብሎ ራሱን ያርማል። ይቺን እርማት እወዳታለሁ። ስለ ጥቁረቱ አልተከራከረም፣ ስለ አንደበቱም አልተከራከረም፤ ዕድሜው ላይ ሲደርስ ግን ጥቂት ኩራት ብቅ አለችበት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት በዚሁ ትዕይንት «ዓይን ነበራት፣ መረጠችኝ» ያለው ሰው ነው። ትዕይንቱ ሳያልቅ ንጹሕ የነበረው ስም እንደ ገዛ ፊቴ ጠቁሯል ይላል። በመጀመሪያው ሌሊት በመስኮት ሥር የተጮኸው ነገር በእሱ አፍ ሲነገር እየሰማሽ ነው።

ይሄ ላይ ስትደርሺ ነው ስለ ጭብጥ ማውራት የሚቻለው። «ቅናት» ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ጭብጥ ለመባል ተውኔቱ ስለ ቅናት የሚለው ነገር መኖር አለበት። በሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚጻፍ፣ አንባቢሽም «አይደለም» ብሎ ሊሞግትሽ የሚችል መሆን አለበት። «ቅናት ያጠፋል» ብትዪ ማን ይሞግትሻል? «ኦቴሎ የጠፋው ሚስቱን በመጠርጠሩ ሳይሆን ጎዳናው ስለ እሱ የሚለውን እውነት ነው ብሎ በመቀበሉ ነው» ብትዪ ግን ሞጋች ይነሳብሻል፤ አንቺም ከላይ ያየናቸውን መስመሮች ይዘሽ ትከራከሪያለሽ።

ሞጋቾቹ ደግሞ የታወቁ ናቸው። እንግሊዛዊው ሐያሲ ብራድሊ በ1904 ባሳተመው ጥናቱ ኦቴሎን ክቡርና የማይጠራጠር፣ በሰው ተንኮል የወደቀ ጀግና አድርጎ አቀረበው። በ1927 ገጣሚው ኤልዮት የኦቴሎን የመጨረሻ ንግግር አንስቶ ሰውየው ራሱን እያጽናና ነው አለ፤ ከሠራው ነገር ዓይኑን እያሸሸ። በ1937 ሐያሲው ሊቪስ የባሰ ጨከነበት። የተማሪ ልማድ እነዚህን ስሞች እንደ ማኅተም ከጽሑፍ ግርጌ መምታት ነው። አንቺ ግን አጨቃጭቂያቸው፤ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚለያዩ አሳዪና ከማን ጋር እንደቆምሽ ተናገሪ። እኔ እዚህ ላይ ከኤልዮት ጋር ነኝ። ሚስቱ ሬሳዋ አልጋው ላይ ተዘርግቶ እሱ በጥበብ ሳይሆን አብዝቶ የወደደ ሰው ብላችሁ ጻፉልኝ ይላል። የተከሳሽ ቃል ነው። ቃሉን መዝግቢ፣ ፍርዱን ግን አንቺ ስጪ፤ «አብዝቶ መውደድ» ሴት ለገደለ ሰው ሁሉ የሚቀርብ ምክንያት መሆኑን ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

በእርሳስ ወዳሰመርሽበት ልመልስሽ። ኦቴሎ ራሱ ሲከሰስ «እሷን አስጠሯት፣ ትናገር» አለ፤ ተጠራች፣ ተናገረች፣ ነጻ ወጣ። በ2ኛው ገቢር ካሲዮ ሰክሮ ሲጣላ ግን ኦቴሎ የኢያጎን ቃል ሰምቶ እዚያው በቆመበት ይሽረዋል። ዴዝዴሞና ስትከሰስ ደግሞ ካሲዮን ፊት ለፊት አቁሞ አይጠይቅም፤ ከጎን ተደብቆ ሲስቅ ያየዋል እንጂ። በዓይኔ የማየው ማስረጃ አምጣ ብሎ የኢያጎን ጉሮሮ ያነቀው ሰው የተቀበለው የእንቅልፍ ልብ ወሬና አንድ መሐረብ ነው። ካሲዮና ዴዝዴሞና ወደ ቆጵሮስ የመጡት በተለያየ መርከብ እንደነበር እንኳ ትዝ አላለውም። አልጋዋ ላይ «ካሲዮን አስጠራውና ጠይቀው» ስትለው አፉ ተዘግቷል ይላታል። ግራ ቀኙን ሰምተው የፈረዱለት ሰው፣ ፈራጅነቱ በእጁ ሲገባ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ፈረደ። ለእኔ ከቅናቱ ይልቅ ይሄ ይከብዳል፤ ጽሑፍሽንም በዚህ ላይ ብታቆሚው አራት ገጽ ይበቃሻል።

ብቻ የሚቃረነውን ማስረጃ አትደብቂ። በ4ኛው ገቢር 2ኛ ትዕይንት የኢያጎን ሚስት ኤሚሊያን ይጠይቃታል። እሷም ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም፣ ነፍሴን አስይዛለሁ ትለዋለች። ስትወጣ፣ እንዲህ ማለት የማትችል አቃጣሪ የት አለች ብሎ ቃሏን ይጥለዋል። ጠይቋል እንግዲህ። ጥያቄው ማጣራት ነው ወይስ ቀድሞ የተሰጠ ፍርድን ማስጌጥ? እዚህ ላይ አንድ ገጽ ብታጠፊ አያስቆጭም።

ስለ ኢያጎ ብዙ አልልም፤ ብዙዎች ስለ እሱ ብቻ ጽፈው ስለሚቀሩ። በተውኔቱ ውስጥ ከኦቴሎም በላይ የሚናገረው እሱ ነው። ለምን እንደሚጠላው የሚሰጠው ምክንያት ቦታ ይቀያይራል፦ ለሮድሪጎ ሹመት ተነፈግኩ ይላል፤ ብቻውን ሲሆን ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ተኝቷል ይባላል፣ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን እንደ እውነት እወስደዋለሁ ይላል፤ ቆይቶ ካሲዮንም በዚሁ ይጠረጥራል። እንግሊዛዊው ገጣሚና ሐያሲ ኮልሪጅ ይህን ምክንያት የሌለው ክፋት ምክንያት ሲያድን ነው ብሎታል። እውነተኛው ምክንያት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አትድከሚ፤ የትኛውን ለማን እንደነገረ ብቻ ተከታተዪ። መጨረሻ ላይ ሲጠየቅ ከእንግዲህ አንድ ቃል አልናገርም ብሎ ይዘጋል። አምስት ገቢር ሙሉ ለእኛ ለተመልካቾቹ ሲያወራ የኖረ ሰው፣ መልስ በሚፈለግበት ሰዓት ዝም።

አሁን ወደምወዳት ሴት ልምጣ፤ በደብዳቤሽ ስሟ እንኳ አልተነሳም። ኤሚሊያ።

ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው ቺንቲዮ የተባለ ጣሊያናዊ በ1565 ካሳተመው ነው። እዚያ ላይ መሐረቡን የሚሰርቀው ባንዲራ ያዡ ራሱ ነው፤ ትንሽ ልጁን ዴዝዴሞና እቅፍ ውስጥ ያስቀምጥና እሷ በልጅቷ ስትዘናጋ ይወስደዋል። ሚስቱ ሁሉን ታውቃለች፣ ባሏን ፈርታ ዝም ትላለች፣ በሕይወት ትተርፍና በኋላ ታወራዋለች። ሼክስፒር ልጅቷን አወጣና መሐረቡን በኤሚሊያ እጅ አስገባው። ዴዝዴሞና የባሏን ግንባር ልታስርበት ስትል ይወድቃል፤ ኤሚሊያ አንስታ፣ ባሌ መቶ ጊዜ ስረቂልኝ ሲለኝ ነበር ብላ ለኢያጎ ትሰጠዋለች። ቀጥሎ ባለው ትዕይንት ዴዝዴሞና «የት ጣልኩት ይሆን?» ስትላት «አላውቅም እመቤቴ» ትላለች። ኦቴሎ መሐረቡን አምጪ እያለ ሲንቀጠቀጥ እያየችም አትናገርም።

ለምን? ደራሲው ምክንያቱን አላስቀመጠልንም፤ ስለዚህ የአንቺ ሥራ ነው። ባሏን ፈርታ ነው? ደስ ልታሰኘው ፈልጋ ነው? ወይስ የአንድ ቁራጭ ጨርቅ ነገር እዚህ ይደርሳል ብላ አላሰበችም? (ራይመር የሚባል እንግሊዛዊ ሐያሲ በ1693 ይሄ ሁሉ ለአንድ መሐረብ ነው ወይ ብሎ ተሳልቋል፤ ትምህርቱ ሚስቶች ጨርቃቸውን በደንብ ይጠብቁ የሚል ነው አለ። ቀልዱ ያስቃል፤ መሐረቡን እየተቀባበሉ ስለዋሹት ሰዎች ግን ምንም አላለም።) በነገራችን ላይ ኦቴሎም ስለ መሐረቡ ሁለት ታሪክ ነው የሚናገረው። ለሚስቱ አንዲት ግብጻዊት አስማተኛ ለእናቴ የሰጠቻት ነው ይላታል፤ ከገደላት በኋላ አባቴ ለእናቴ የሰጣት ነው ይላል። የቱ እውነት ነው? የመጀመሪያው ማስፈራሪያ ነበር?

የኤሚሊያን የመጨረሻ ትዕይንት ከኢያጎ ትዕይንት ጋር አስተያዪ። ኦቴሎ ባልሽ ሁሉን ያውቃል ሲላት «ባሌ?» ትላለች። ይደግምላታል። «ባሌ?» ኢያጎ የኦቴሎን ቃል መልሶ እያስተጋባ መርዝ እንደዘራ፣ ሚስቱ ደግሞ ያንኑ የመሰለ ማስተጋባት ይዛ ከመርዙ ስትነቃ እናያለን። ኢያጎ ዝም በይ፣ ወደ ቤት ግቢ ሲላት፣ ልታዘዘው ይገባል፣ አሁን ግን አይሆንም ትላለች፤ «ምናልባት፣ ኢያጎ፣ ከእንግዲህ ወደ ቤት አልገባም»። መሐረቡን ያነሳችው እኔ ነኝ ብላ በራሷ ላይ ትመሰክራለች፤ ኢያጎም ይወጋታል። ከእመቤቴ ጎን አስተኙኝ ብላ ትሞታለች። በተውኔቱ ውስጥ ግራ ቀኙ የሚሰማው በእሷ አፍ ነው፤ ከመሸ በኋላ ግን። በአንድ ቅጽል የማትገባ ሴት ናት።

ለክፍልሽ ወንዶች የምትሰጪው መልስ አጭር ነው፦ «አባቷን ያታለለች ባሏን ታታልላለች» የሚለው ክርክር የኢያጎ ነው። መጀመሪያ የተናደደው አባት በሸንጎው ፊት ለኦቴሎ ወረወረው፤ ኦቴሎም በእምነቷ ሕይወቴን አስይዛለሁ ብሎ መለሰለት። በ3ኛው ገቢር ኢያጎ አንስቶ አጠበቀው። ሳያውቁት የኢያጎን ቃል እየተናገሩ ነው፤ ተውኔቱ በእነሱም ላይ ሠርቷል ማለት ነው፣ ይህንንም ብትነግሪያቸው ደስ አይላቸውም። ልጅቷ በስውር አግብታለች፣ እውነት ነው። ስትጠራ ግን በሸንጎ መካከል ቆማ፣ እናቴ ከአባቷ ይልቅ አንተን እንዳስቀደመች እኔም ባሌን ላስቀድም ብላ በአደባባይ ተናግራለች። ይህን የሚል ሰው አታላይ አይመስለኝም።

ግን አንቺም «ንጹሕና የዋህ» ብለሽ መልአክ አታድርጊያት። መሐረቡ ጠፍቷል ወይ ስትባል አልጠፋም ብላ ዋሽታለች። ባሏ ሲቆጣ እያየች ስለ ካሲዮ መለመኗን አላቆመችም። ስትሞት ማን ገደለሽ ብትባል «ማንም፤ እኔው ራሴ» አለች። ይህን ፍቅር ያሉት አሉ፣ መሸነፍ ያሉትም አሉ። እኔ ንዴቴ አይፈቅድልኝም፤ ባነበብኩት ቁጥር አልስማማም እላታለሁ። አንቺ የምትዪውን ደግሞ አስረድተሽ ጻፊው።

ስለ እንግሊዝኛው አትሸበሪ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን ወደ አማርኛ መልሶታል። ከቤተ መጻሕፍት ፈልጊና የ3ኛውን ገቢር 3ኛ ትዕይንት ከዶርም ጓደኛሽ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አንዷ ኢያጎ፣ አንዷ ኦቴሎ ሁኑ። ከዚያ እንግሊዝኛውን እንዲሁ ጮክ ብላችሁ። ብዙው የሚከብድሽ መስመር ሲነገር ይቀልላል፤ ለጆሮ የተጻፈ ነው። ጥቅስሽን ግን ከእንግሊዝኛው ውሰጂ፤ ጸጋዬ ገጣሚ ነው፣ የራሱንም ድምፅ ጨምሮበታል።

ስታነቡ ማን በየትኛው አካል እንደሚጫወተው አስቢ። በሼክስፒር ዘመን ዴዝዴሞናንም ኤሚሊያንም የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ኦቴሎም ፊቱን ያጠቆረ ነጭ ተዋናይ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው አይራ አልድሪጅ በ1833 በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ቲያትር ሲጫወተው ከጋዜጦቹ ብዙ ስድብ ጠጥቷል። ፖል ሮብሰን በ1943 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ የጀመረው ዝግጅት 296 ጊዜ ታየ። «ጥቁር ስለሆንኩ ይሆናል» የሚለው መስመር ከተቀባ ፊትና ከሮብሰን አፍ ሲወጣ አንድ አይደለም፤ ዴዝዴሞና በሸንጎው ፊት የምትናገረውንም ከወንድ ልጅ ድምፅ ይልቅ በሴት ድምፅ ሰምተሽ አመዛዝኚው።

አንድ የመጨረሻ የሥራ ነገር፦ የምትጠቅሺበትን እትም ጻፊ። ኦቴሎ መጀመሪያ የታተመው በ1622 ነው፤ በ1623 በወጣው ጥራዝ ደግሞ በመጀመሪያው ያልነበሩ ከ100 በላይ መስመሮች አሉ። በ4ኛው ገቢር መጨረሻ ኤሚሊያ ሚስቶችም እንደ ባሎቻቸው ስሜት አላቸው ብላ የምትናገረው ከእነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ የሚታተሙት መጻሕፍት ያስገቡታል፤ ከኢንተርኔት ያወረድሽው ፋይል ከሆነ ግን ያ ንግግር መኖሩን ቀድመሽ አረጋግጪ፤ ኤሚሊያን ከጻፍሽ ያስፈልግሻል።